ሁለት ቱቦዎች

በሥራ ዘመኔ ስንት እንቁላል እንደ ሰበርኩ ቆጥሬ አላውቅም። የሳንባ ነቀርሳ ተመራማሪ መሆኔን የሚሰማ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ነጭ ጋዋን፣ ማይክሮስኮፕና ውድ መሣሪያ ስለሆነ፣ ግማሽ ቀኔን ከእንቁላል ጋር እንደማሳልፍ ስነግረው ቀልድ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እውነት ነው። የቲቢን ባክቴሪያ ከታማሚ አክታ ወይም ከአንገት ንፍፊት በመርፌ ከተቀዳ ፈሳሽ አውጥቶ ለማብቀል ከምንጠቀምባቸው ምግቦች አንዱ፣ በአጭሩ ኤልጄ የምንለው የሎወንስታይን-ጄንሰን ማብቀያ፣ አብዛኛው ክፍሉ እንቁላል ነው። እንቁላሉ ትኩስ መሆን አለበት፤ ከተጣለ ሳምንት ያለፈው አይሆንም። እያንዳንዱ በሳሙናና በውኃ ይታጠባል፣ አልኮል ውስጥ ይነከራል፣ ከዚያ አንድ በአንድ ተሰብሮ ንጹሕ ዕቃ ውስጥ ይገባል፤ አስኳሉና ነጩ እስኪዋሐድ ተመትቶ ይጠለልና ከጨዎች እንዲሁም ማላካይት ግሪን ከሚባል አረንጓዴ ቀለም ጋር ይደባለቃል። በመጨረሻም በትናንሽ የመስታወት ቱቦዎች ተቀድቶ፣ ቱቦዎቹ ጋደም እንዳሉ በ85 ዲግሪ ሙቀት ለ45 ደቂቃ ያህል ይቆይና ይረጋል።

ወጣት ሳለሁ እንቁላሉን የምገዛው ከሰፈሬ ገበያ ነበር። በዐቢይ ጾም ዋጋው ስለሚወርድ ለእኛ ሥራ ጥሩ ወቅት ነው። አንድ ጊዜ በሁዳዴ አጋማሽ ስድሳ እንቁላል ስገዛ፣ የምታውቀኝ ነጋዴ ድምጿን ዝቅ አድርጋ “ልጄ፣ ታመሃል እንዴ?” አለችኝ። “ለሥራ ነው” አልኳት። አላመነችኝም። ለምን ሥራ እንደሆነ ብነግራት ደግሞ ከዚያ ወዲያ እንደማትሸጥልኝ እርግጠኛ ስለነበርኩ ዝም አልኩ።

ኤልጄውን ሠርቶ ናሙናውን ከዘሩበት በኋላ የሚቀረው መጠበቅ ነው። በአንጀታችን ውስጥ የሚኖረው ኢ ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ሲመቸው በ20 ደቂቃ ውስጥ አንዱ ሁለት ይሆናል፤ የቲቢ ባክቴሪያ ግን ለዚያው ለአንድ መከፈል ከ18 እስከ 24 ሰዓት ይፈጅበታል። በዚህም የተነሣ ናሙናው ውስጥ ሌላ ጀርም በሕይወት ከተረፈ በአንድ ሌሊት ማዕዱን ሁሉ በልቶ ይጨርሰዋልና፣ ከመዝራታችን በፊት አክታውን በኮስቲክ ሶዳ እናጥበዋለን። ሶዳው ሲበዛ የምንፈልገውን ይገድላል፤ ሲያንስ የማንፈልገውን ያተርፋል። ከዚያ ቱቦው 37 ዲግሪ ማሞቂያ ውስጥ ይቀመጥና በየሳምንቱ ወጥቶ ይታያል፣ እስከ 8 ሳምንት ድረስ። ባክቴሪያው የበቀለ እንደሆነ በአረንጓዴው ላይ ደረቅ፣ ሻካራ፣ ወደ ቢጫ የሚያደላ የዳቦ ፍርፋሪ የመሰለ ነገር ይታያል። ሃያ ዓመት ካየሁት በኋላም ያንን ፍርፋሪ ሳይ ልቤ ዘለል ይላል፤ አንድ ሰው መታመሙን የሚያረጋግጥ ምልክት ማስደሰቱ የሚያሳፍር ነገር መሆኑን ባውቅም።

ወደዚህ ሥራ የገባሁት በአጎቴ አንገት ምክንያት ነው ብል ማጋነን አይሆንም። የተወለድኩት ከወልድያ ብዙም በማይርቅ የገጠር ቀበሌ ሲሆን፣ እኛ ልጆች ጋሼ እያልን የምንጠራው የእናቴ ታላቅ ወንድም ከግራ ጆሮው ሥር እስከ አንገቱ አጥንት የሚወርድ፣ እንደ ተሸበሸበ ቆዳ የተጨማደደ ጠባሳ ነበረው። ልጅ ሳለ ንፍፊት ወጥቶበት፣ የአገር ሐኪም በጋለ ብረት ተኩሶት፣ ከዚያም ፈርጦ ለወራት መግል ሲያወጣ ከርሞ፣ ጠበልም ተጠምቆ፣ በመጨረሻ ደሴ ወርዶ መርፌ በመወጋት ነበር የዳነው። የሕክምና ባለሙያዎቹ በሽታው የእጢ ነቀርሳ መሆኑን ነግረውታል። ከየት እንደ መጣበት የነገረው ግን አልነበረም። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስለ ነቀርሳ የመጀመሪያውን ትምህርት ተምሬ ለእረፍት ወደ ቤት ስመለስ፣ መልሱን የሰጠሁት እኔ ነበርኩ፦ “ከጥሬ ወተት ነው፣ ጋሼ።” እናቴንም ከዚያን ቀን ጀምሮ ወተቱን እንድታፈላ አዘዝኳት። አንድ ሴሚስተር የተማረ ሰው ምን ያህል እርግጠኛ እንደሚሆን የሚያውቅ ያውቀዋል።

ግምቱ ግን የእኔ ብቻ አልነበረም፤ መሠረትም ነበረው። በኢትዮጵያ በቲቢ ከሚያዙት ሰዎች ሲሶ ያህሉ ሕመማቸው ከሳንባ ውጭ ነው፤ ከእነዚህም ውስጥ የአንገት እጢ ነቀርሳ ትልቁን ድርሻ ይይዛል። ይህ ከብዙ አገሮች ጋር ሲነጻጸር ከፍ ያለ ነው። አገራችን በከብት ብዛት ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት፤ በብዙ ቤት ወተት እንደታለበ ይጠጣል፤ ከብቶችን የሚያጠቃው የነቀርሳ ባክቴሪያ ደግሞ በወተት በኩል ገብቶ የሕፃናትን የአንገት እጢ እንደሚያሳብጥ ከአውሮፓ ታሪክ በደንብ ይታወቃል። ባክቴሪያውን እ.ኤ.አ. በ1882 በርሊን ላይ ለዓለም ያሳወቀው ሮበርት ኮኽ፣ በ1901 ለንደን በተደረገ ጉባኤ ላይ የከብት ነቀርሳ ለሰው ያን ያህል አያሰጋም ብሎ ተናግሮ ነበር። እንግሊዞች ንግግሩን አላመኑትም። ኮሚሽን አቋቁመው ለዓመታት መረመሩና ታላቁ ሰው መሳሳቱን አረጋገጡ። ወተትን በሙቀት ማከም በአውሮፓ እየተስፋፋ ሲሄድ የሕፃናቱ የአንገት ነቀርሳም ቀነሰ። ይህን ታሪክ ያነበበ ወጣት ተመራማሪ የሚመኘው ግልጽ ነው፤ በእንግሊዝ የሆነው ሁሉ በወሎም ይሆናል።

ከብት ነው ወይስ ሰው የሚለው ጥያቄ የታሪክ ክርክር ብቻ እንዳይመስል አንድ ነገር ልጨምር። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ለታካሚ ከሚሰጡት አራት መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ፓይራዚናማይድ፣ በከብቱ ባክቴሪያ ላይ በተፈጥሮው አይሠራም። ስለዚህ የአገራችን የእጢ ነቀርሳ ከላም የሚመጣ ቢሆን ኖሮ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ታካሚዎች ከአራቱ አንዱን ያለ ጥቅም ሲውጡ ከርመዋል ማለት ነበር።

ጥያቄውን የምንመልሰው በሁለት ቱቦ ነበር። ለእያንዳንዱ ታካሚ ናሙና ሁለት ኤልጄ እናዘጋጃለን፤ በአንዱ ግሊሰሮል፣ በሌላው ፓይሩቬት እንጨምራለን። የሰው ነቀርሳ ባክቴሪያ ግሊሰሮሉ ላይ ይወፍራል። የከብቱ ግን ግሊሰሮልን ለምግብነት መጠቀም ስለማይችል እዚያ ላይ ይኮሰምናል፣ ፓይሩቬት ያለበት ላይ ግን ይበቅላል። በሌላ አነጋገር፣ የእኔ ግምት ትክክል ቢሆን፣ ከወረቀት መለጠፊያው ላይ “ፓ” ተብሎ የተጻፈበት ቱቦ እየበቀለ “ግ” የተባለው ባዶ ሆኖ ይቀር ነበር። እኔም በየሳምንቱ ማሞቂያውን ስከፍት ዓይኔ ቀድሞ የሚያርፈው “ፓ” ላይ ነበር።

የመጀመሪያው ፍርፋሪ በአምስተኛው ሳምንት ሁለቱም ቱቦዎች ላይ ወጣ። ግሊሰሮሉ ላይ እንዲያውም በዝቶ። ሁለተኛውም እንደዚያው። አሥረኛውም፣ ሠላሳኛውም። ፓይሩቬቱን አበላሽቼው ይሆናል ብዬ አዲስ ጠርሙስ አስከፈትኩ፤ እንቁላሉ አርጅቶ ይሆናል ብዬ ነጋዴ ቀየርኩ፤ ሶዳው በዝቶ የከብቱን ባክቴሪያ እየገደለው ይሆናል ብዬ መጠኑን ቀነስኩ፤ በዚህም ያተረፍኩት ሁለት ሳምንት ሙሉ በሻጋታ የተሸፈነ ቱቦ መጣል ብቻ ነበር። ዛሬ ተማሪዎቼ ይህን ሲያደርጉ ባያቸው እቆጣቸው ነበር። ያልወደዱትን ውጤት ሦስት ጊዜ እየደገሙ የወደዱትን አንድ ጊዜ አይቶ ማለፍ በሙያችን ውስጥ በጣም የተለመደው ማታለል ነው፤ የሚታለለውም ተመራማሪው ራሱ ስለሆነ ማንም አይከሰስበትም።

የመጨረሻውን ፍርድ የሰጠው፣ ለዘር ምርመራ የምንጠቀምበት ጄል የተባለው የረጋ ነገር ነው። የከብቱ ባክቴሪያ በዘመናት ሂደት የጣለው፣ የሰው ነቀርሳ ግን አሁንም የያዘው፣ አርዲ 9 የሚባል የዘር ክፍል አለ። ባክቴሪያውን በሙቀት ገድለን ያንን ክፍል በፒሲአር አባዝተን ጄል ላይ በኤሌክትሪክ ስናስኬደው፣ ክፍሉ ያለውና የሌለው በተለያየ ከፍታ ላይ ይቆማሉ። በዚያ ማታ ላቦራቶሪው ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ፤ መብራት ሁለት ጊዜ ጠፍቶ ጄነሬተሩ እስኪነሣ ጠብቄያለሁ። ጄሉን አልትራቫዮሌት መብራት ላይ አስቀምጬ መስታወቱን ስዘጋ፣ በጨለማው ውስጥ የሚያበሩት መስመሮች ከጫፍ እስከ ጫፍ በአንድ ከፍታ ላይ፣ በክር የተሰለፉ ይመስሉ ነበር። ከመስመሩ ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ የቆመው አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም ለማነጻጸሪያ እንዲሆን እኔው ሆን ብዬ የጨመርኩት የከብት ባክቴሪያ ነው። ሁሉም ታማሚዎቼ የያዛቸው የሰው ነቀርሳ ነበር።

በዚያው ዘመን በሌሎች እጅ የተሠራው ሥራም ያንኑ ይል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ፣ ከተለያዩ የኢትዮጵያ አካባቢዎች የተሰበሰቡ በብዙ መቶ የሚቆጠሩ ናሙናዎችን የመረመረ ጥናት፣ የከብት ባክቴሪያ የተገኘው በጣት በሚቆጠሩ ሰዎች ላይ ብቻ መሆኑን አሳየ። በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉ የፈረንጅ ዝርያ ያላቸው የወተት ላሞች በሚረቡባቸው ግቢዎች በሽታው በከብቶቹ ላይ መኖሩ አልተካደም፤ የአንገታችን እብጠት ዋና ምክንያት ግን ላሟ አልነበረችም። ታዲያ እጢ ነቀርሳ በእኛ አገር ለምን ይህን ያህል በዛ? ይህ ጥያቄ ዛሬም ጠረጴዛዬ ላይ ነው።

ያው ጥናት ሌላ ነገርም ይዞ መጣ፤ ለእኔ የበለጠ የከነከነኝም እርሱ ነው። በወልድያና አካባቢው ከተገኙት ባክቴሪያዎች ውስጥ እስከዚያ ጊዜ በዓለም ላይ ከሚታወቁት ስድስት የዘር ሐረጎች ወደ አንዱም የማይገባ ነበር። ሰባተኛው የዘር ሐረግ ተባለ። በትውልድ ዛፉ ላይ ከጥንታዊዎቹና ዘመናዊ ከሚባሉት መካከል የሚቀመጥ ሲሆን፣ መገኛው ከሞላ ጎደል ኢትዮጵያና ከኢትዮጵያ የወጡ ሰዎች ናቸው። በኋላ የወጡ ጥናቶች ይህ ባክቴሪያ ከሌሎቹም ይልቅ በዝግታ እንደሚያድግ፣ በአማራ ክልል የያዛቸው ሰዎችም ወደ ጤና ጣቢያ ለመሄድ ከሌሎቹ የበለጠ እንደሚዘገዩ ጽፈዋል። ዝግተኛው ጀርም ከሁሉ ዝግተኛው ዘመዱን የደበቀው እኔ ከብት ስጠብቅ ባደግሁበት ምድር ነበር ማለት ነው። እኔ ደግሞ ለዓመታት በላሟ በኩል ነበር የምፈልገው።

ስለ ዝግታ ለማማረር ሲቃጣኝ ዘነበወርቅን አስባለሁ። እዚያ የሚገኘው አህሪ፣ በሙሉ ስሙ አርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም፣ እ.ኤ.አ. በ1970 ሲመሠረት ዋነኛ ዓላማው የሥጋ ደዌ ነበር፤ ስሙን የወሰደው የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ በ1873 ካገኘው ኖርዌጃዊ ሐኪም ነው። ያ ባክቴሪያ ከተገኘ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ቢያልፍም እስከ ዛሬ በማንም ቱቦ ውስጥ በቅሎ አያውቅም። በእንቁላልም፣ በምንም። የሥጋ ደዌን ሲያጠኑ የኖሩ ታላላቆቻችን የእኛን የስምንት ሳምንት እሮሮ ሲሰሙ ፈገግ ይሉ ነበር።

ዝግታው የሚያሳቅቀኝ ግን ቱቦው ባለቤት ሲኖረው ነው። የመድኃኒት መላመድን ለማወቅ ባክቴሪያው መጀመሪያ መብቀል፣ ከዚያ መድኃኒት በተጨመረበት ሌላ ኤልጄ ላይ እንደገና ተዘርቶ መታየት ስለነበረበት፣ ሁለቱ ሲደመሩ ሦስት ወር ገደማ ይፈጁ ነበር። ከአንድ ወረዳ የመጣ የአንድ ወጣት ናሙና ሪፋምፒሲንና አይሶኒያዚድ በተጨመረባቸው ቱቦዎች ላይ ምንም እንዳልተጨመረበት ያህል በቀለ። ሁለቱ ዋና መድኃኒቶች አይሠሩለትም ማለት ነው። ውጤቱን በደንቡ መሠረት ጽፈን በደብዳቤ ላክን። ከሳምንታት በኋላ ለሌላ ጉዳይ ወደዚያው ጤና ጣቢያ ስደውል ስለ ወጣቱ ጠየቅሁ። ስልኩን ያነሣችው ነርስ መዝገብ አገላብጣ፣ ናሙናው ከተላከ ከአንድ ወር ተኩል በኋላ ማረፉን ነገረችኝ። የእኛ ደብዳቤ የደረሰው ከአርባው በኋላ ነው። ቱቦው ያን ጊዜም ማሞቂያው ውስጥ ነበር፣ ፍርፋሪው አምሮበት። የናሙና መጠየቂያ ቅጹን አውጥቼ አየሁት፤ የታካሚው ስልክ ቁጥር የሚጻፍበት ሳጥን ባዶ ነበር። ሌሎቹንም አገላበጥኩ። አብዛኞቹ ባዶ ነበሩ፤ ለዓመታት ስንቀበላቸውም ከእኛ መካከል አንድም ሰው አልጠየቀም። እኔም አልጠየቅሁም።

ከዚያ በኋላ ሳጥኑ ባዶ የሆነ ቅጽ ሲመጣ ናሙናውን ተቀብለን በዚያው ቀን ወደ ላኪው መደወል ጀመርን። ይህ በሳይንስ መጽሔት የሚታተም ነገር አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 መጨረሻ ይሁንታ የሰጠው ጂንኤክስፐርት የተባለው መሣሪያ ወደ ሆስፒታሎቻችን ሲገባ ግን በእውነት ዘመን ተቀየረ፦ አክታው ካርትሪጅ ውስጥ ይገባል፣ ከሁለት ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ቲቢ መኖሩና ሪፋምፒሲን መሥራት አለመሥራቱ ይታወቃል። ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ2009 በእንጦጦ ዳገት ባለው በቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል መድኃኒት የተላመደ ቲቢ መታከም ተጀምሮ ስለነበር፣ ውጤቱን ይዞ የሚሄዱበት ቦታም ነበር። ያን ጊዜ ሕክምናው ሁለት ዓመት ገደማ የሚፈጅ፣ ለወራት በየቀኑ መርፌ የሚያስወጋ፣ አንዳንዱን የመስማት ችሎታውን የሚያሳጣ ነበር። ዛሬ በስድስት ወር በሚዋጥ መድኃኒት ብቻ ማከም ተችሏል። ካርትሪጁ ሲያልቅ፣ መብራት ሲጠፋ፣ መሣሪያው ሲበላሽ ወደ እንቁላሉ መመለሳችን ግን አልቀረም።

እናቴ ሥራዬን ፈጽሞ አልወደደችውም። “ልጄ፣ ሌላ ሥራ ጠፍቶ ነው?” ትለኝ ነበር፤ ለጎረቤት ስትናገር ደግሞ “ላቦራቶሪ ነው የሚሠራው” ብላ ታቆማለች። ክንዴ ላይ ያለውን የክትባት ጠባሳ አሳይቻት፣ ቢሲጂ የተባለው የነቀርሳ ክትባት የተሠራው ሁለት ፈረንሳውያን እ.ኤ.አ. ከ1908 እስከ 1921 ለ13 ዓመታት 230 ጊዜ እያዛወሩ ካዳከሙት የከብት ነቀርሳ ባክቴሪያ መሆኑን ስነግራት፣ “እንግዲያው ላሟም በጎ ሠርታለች” አለች። ለአዋቂ ሰው የሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው መከላከያ አነስተኛ መሆኑን አልነገርኳትም። የቆዳ ምርመራ ተደርጎልኝ ክንዴ እንዳበጠ፣ ማለትም ባክቴሪያው ከዓለም ሕዝብ ሩብ ያህሉ ውስጥ እንዳለ ሁሉ በእኔም ውስጥ ተኝቶ መኖሩንም እንዲሁ።

ለጋሼ ግን መንገር ነበረብኝ። ከጄሉ ማታ በኋላ በመጣው ጥምቀት አገር ቤት ሄድኩና፣ ማታ ከቤቱ ደጃፍ መደቡ ላይ ተቀምጠን ሳለ፣ ያኔ የነገርኩት ስሕተት እንደነበር አስረዳሁት። ስለ እርሱ ሕመም በእርግጠኝነት መናገር እንደማልችል፣ የእርሱ ናሙና በማንም ቱቦ ውስጥ እንዳልገባ፣ ነገር ግን እኛ ያየናቸው ሁሉ የያዛቸው ከከብት ሳይሆን ከሰው መሆኑን ነገርኩት። ወተቱን ግን ማፍላት እንዳይተው፣ ውርጃ የሚያመጣው የከብት በሽታን ጨምሮ በጥሬ ወተት ወደ ሰው የሚተላለፍ ሌላም ሕመም እንዳለ አከልኩበት። በጥሞና ሰማኝ። እጁን አንስቶ ጠባሳውን ዳሰሰው፤ ሁልጊዜ የሚያደርገው ነገር ነው።

“ከሰው ከሆነ፣ ከማን ያዘኝ ታዲያ?” አለኝ።

ከሚያስል ሰው ጋር አንድ ቤት መኖር፣ በተለይ ለልጅ፣ በቂ መሆኑን እንደ ትምህርት ነገርኩት። የማስበው ስለ ባክቴሪያው ነበር፤ እርሱ ስለ ማን እንደሚያስብ የገባኝ ዘግይቶ ነው። አያቴን አላውቃትም፤ እናቴ ገና ሕፃን ሳለች ነው የሞተችው፤ በቤታችን ሲነገር የሰማሁት “በብርድ ሞተች” ተብሎ ነበር።

“ሁለት ክረምት ሙሉ ያስላት ነበር” አለ ጋሼ። “እኔ ከጎኗ ነበር የምተኛው። ሲበርደኝ ጋቢዋን ትደርብልኝ ነበር።”

ከዚያ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ልነሣ ስል እጄን ይዞ፣ “ይህን ለእናትህ እንዳትነግራት” አለኝ።

አልነገርኳትም። እናቴ እስከ ዕለተ ሞቷ ድረስ፣ ቤቷ በሄድኩ ቁጥር፣ ወተቱ ገንፍሎ ከሥሩ ያለውን እሳት እስኪያጠፋው ድረስ አፍልታ ወደ እኔ ዞር ትልና፣ “ይኸው፣ አንተ እንዳልከው” ትለኝ ነበር።